ቅጽ አንድን የሞላው ሰው

እትዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አወረደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ሻይ ሳይቀዘቅዝ ቢጠጣ መልካም ነው» አለች። ለማን እንዳለችው ግድግዳው ይወቀው። በቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለችው ታናሽ እህቷ ብቻ ናት፤ እሷም ከጀርባዋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች። እህትማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ይኸው አርባ ቀን ሞላቸው። የእትዬ ኩርፊያ እንደ ሌላው ሰው ኩርፊያ አይደለም፤ አትሳደብም፣ ዕቃ አታላትምም፣ በር አትወረውርም። ብቻ «አንቺ» የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታ ጥላዋለች። «ዳቦ አልቋል።» «መስኮቱ ይዘጋ።» «ቁልፍ ሳይያዝ አይወጣም።» የመሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው የምትመስለው። ታናሽየዋም የዋዛ አልነበረችም፤ ሻይዋን ቆማ ጨለጠችና ለስኳር ዕቃው «ተጠጥቷል» ብላ ወጣች።

ጠቡ የተነሣው ስምንት ገጽ ባላት አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እትዬ ፎቅ ላይ፣ አዲስ የገቡ መጻሕፍት ተመዝግበው ቁጥር የሚወጣላቸው ክፍል ኃላፊ ናት፤ ታናሽየዋ ታች፣ መጽሐፍ የሚዋሱበት መስኮት ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ስለዚህም ተማሪው ሁሉ «አዋሿ» ይላታል። ዘንድሮ ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎች በመብዛታቸው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ቃላትና አገልግሎቶች የሚያስረዳ መመሪያ ይጻፍ ተባለና ሥራው ለእትዬ ተሰጣት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መዝገበ ቃላት» ነው የሚሏት፤ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ ቃል ስትሰማ ጥርሷን እንዳመማት ሰው ጉንጯን ትይዛለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራት ጠረጴዛው ላይ ስትጽፍ ስትሰርዝ ከርማ ካታሎጉን «ማውጫ»፣ መጽሐፍ የሚዋስበትን ሰርኩሌሽን «ዝውውር»፣ ፎርሙን «ቅጽ» አለችና፣ ስትጨርስ ብድግ ብላ ለእህቷ አነበበችላት። «ተዋሹ የውሰት ዘመኑ ከመገባደዱ አስቀድሞ ተውሶውን ያላደሰ እንደሆነ…» ከሚለው ላይ ስትደርስ አዋሿ አልቻለችም፤ ሾርባው በአፍንጫዋ ወጣ። «ኧረ እትዬ! ይኼን ለሚያነብ ሰው መጀመሪያ አስተርጓሚ ይቀጠርለት!» አለች ሆዷን ይዛ። እትዬ ወረቀቶቿን ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች፣ መብራቱን አጥፍታባት ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ያው እንደገባች ናት።

ጽሑፉ ታትሞ ከተሠራጨ በኋላ የሆነውን ግን ከአዋሿ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዲት ከባሕር ማዶ የመጣች ልጅ ከመስኮቱ አናት ላይ «የዝውውር ክፍል» የሚለውን አንብባ ሦስት ጠዋት ተመላለሰች፤ አብራት የምታድረው ልጅ ስለምታንኮራፋባት ወደ ሌላ መኝታ ክፍል እንድትዛወር ማመልከቻ ይዛ። ሌላው ደግሞ ሰዓቱ ደርሶ ሊሄድ ሲል፣ ጆሮው ከበድ የሚለውን ዘበኛ «መውጫው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ዘበኛው «ማውጫው» ያለው መስሎት ሁለተኛ ፎቅ ካርድ መሳቢያዎቹ ዘንድ ሰደደው። ተማሪው ወርዶ ቢጠይቀው መልሶ ሰደደው። በሦስተኛው ዘበኛው ራሱ ተገርሞ፣ «እንዲህ ያለ ትጉህ አይቼም አላውቅ» ብሎ አጨበጨበለት። አዋሿ ሁሉንም ተቀብላ፣ በቁራጭ ወረቀት ሥዕል እየሳለች፣ በእጇ እያሳየች፣ ሲያስፈልግም ከመስኮቷ ወጥታ በክንዳቸው እየጎተተች ታስረዳለች። ሌሎቹ መስኮቶች ዝንብ ሲያባርሩ የእሷ ሰልፍ በር ድረስ ይደርሳል። ይሁንና አንድም ቀን «መመሪያው ነው ያሳሳታቸው» ብላ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። እህት ናት። ቤት ውስጥ መሳቅ ሌላ፣ በሰው ፊት ማሳጣት ሌላ።

የዚያን ዕለት ካፖርቷን እንኳ ሳትሰቅል ነው የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጩኸት የሰማችው። የቢሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። «ገጽ ሲገነጠል አይቻለሁ፣ ሽፋን ሲሰረቅ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ግን!» ይላል። «እርስዎን የሚያህል ሰው! የልጆች አባት! አያፍሩም?» ፊት ለፊቱ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የቆመው ኢንጂነሩ ነው። አዋሿ በደንብ ታውቀዋለች፤ ከውጭ ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ፣ ጢሙን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ክረምት ከበጋ ከረባቱን የማያወልቅ፣ ለዘበኛው ሳይቀር ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው። በአገሩ የአንድ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲመራ ኖሮ፣ አሁን መሥሪያ ቤቱ ለሁለተኛ ዲግሪ ልኮት ነው።

«ይኸው፣ ነይ አንቺም እዪው!» አለ ኃላፊው ሲያያት፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ እየገለጠ።

ጀርባው ላይ «የወንዞች አመል፣ ቅጽ አንድ» ይላል። አራት መቶ ገጽ ነው። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ የኢንጂነሩ ጉርድ ፎቶግራፍ በሙጫ ተለጥፏል። ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የደም ዓይነት፣ የጫማ ቁጥር፣ የሦስት ልጆች ዕድሜ ሰፍሯል። «የጋብቻ ሁኔታ፦ ደኅና» ይላል ቀጥሎ። መጽሐፉ በየምዕራፉ መጨረሻ የመልመጃ ጥያቄዎችና ክፍት መስመሮች ነበሩት፤ አንድም ሳይቀር ተመልሰዋል። ጥያቄ በሌለባቸው ገጾች ዳርቻ ላይ «ተነቧል» ተብሎ ተጽፏል። ከየገጹ ግርጌ ፊርማ አለ፤ አራት መቶ ፊርማ፣ አንዱ ከአንዱ የማይዛነፍ።

«ምን ነክቶዎት ነው?» አለች አዋሿ ቀስ ብላ።

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ቋንቋውን የተማረው ከወረቀት ስለሆነ ሲናገር አዋጅ የሚያነብ ይመስላል። «በመመሪያው መሠረት ቅጽ አንድ ከመደርደሪያ ተወስዷል» አለ። «በጥንቃቄም ተሞልቷል። ሰልፉ ስለረዘመም ትናንት ከሰዓት በኋላ ለጎረቤቱ መስኮት ቀርቧል።»

አዋሿ እትዬን የሰማች መስሏት ክው አለች። መመሪያውን ከእጁ ተቀብላ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። «ተዋሹ አስቀድሞ ቅጽ አንድን አሟልቶ ይሞላል፤ ሞልቶም ለአዋሹ ያስረክባል» ይላል፣ በእህቷ ቃል።

«ቅጽ ማለት ፎርም ነዋ!» አለ ኃላፊው። «ይሄ ለማን ይጠፋዋል?»

«መጽሐፉም እኮ ቅጽ ነው የሚባለው፤ ይኸው ጀርባው ላይ። እኛ ለምዶብን እንጂ እሱ በምን ይለየው?»

ኃላፊው በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ከቤተ መጻሕፍት ይታገዳል፣ ለላከው መሥሪያ ቤትም ይጻፋል። ቤተ መጻሕፍት የማይገባ ተማሪ ደግሞ ምን ይሠራል? ሻንጣውን ይሸክፋል። «አንቺ ያሁኑን ኮሚቴው ፊት ልትደግሚው ነው?» አላት። «ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ።» ታውቃለች። ጸሐፊዋ እትዬ ናት። ሰብሳቢው ደግሞ መጽሐፉን የጻፉት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ናቸው። አዋሿ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ምሳ ሰዓት ላይ ኢንጂነሩን ካፍቴሪያው ጥግ ብቻውን አገኘችው። በዚያ ሳምንት የሻይ ዋጋ በእጥፍ ጨምሮ ስለነበር ጠረጴዛው ሁሉ ያጉረመርማል፤ አንድ ሻይ ለሁለት የሚጠጡም ነበሩ። ኢንጂነሩ ግን ስትመጣ ከሩቅ አይቷት ተነሥቶ ሁለተኛ ሻይ አስመጣላት። በአገሩ አንድ የውሃ ቆጣሪ ለማስገባት እንኳ ስድስት ገጽ ይሞላል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስሞላ የኖረው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ እዚህ መጥቶ ባለ አራት መቶ ገጽ ቅጽ ሲገጥመው ደነገጠ እንጂ አልተጠራጠረም። ለሚስቱ ደወለላት፤ «ይሄ ዩኒቨርሲቲ ቀልድ አያውቅም» አላት፤ እሷም «ጽሕፈትህን አሳምር፣ እንዳታሳፍረን» አለችው። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። ምዕራፍ ሰባት ላይ ስለ ደለል የሚጠይቀው አስቸግሮት ሁለት ቀን ምግብ አልበላ ብሎት ነበር። «የመዋሻው ወረቀት እንዲህ ከሆነ ፈተናው እንዴት ሊሆን ነው ተብሎ ተሰግቷል» አለ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ። አዋሿ ሳቋ ሊያመልጣት ከንፈሯ ሲላቀቅ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ አንጀቷን በላት። ይሄ ሰው ቢመለስ ለልጆቹ ምን ሊላቸው ነው? መጽሐፍ ላይ ፎቶዬን ለጥፌ ተባረርኩ?

«ለኮሚቴው የሚሰጡት መልስ ተዘጋጅቷል?»

«ተጽፏል። በገጽ ስድስት መሠረትም ልምምድ ተደርጓል።»

ገጽ ስድስት ምን እንደሚል በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም። ምነው ባላት!

ሻይዋን ሳትጨርስ ደረጃውን ወጣች። የእትዬ ክፍል የሙጫና የአዲስ ወረቀት ሽታ አለው፤ መጻሕፍቱ ወለሉ ላይ በየቁመታቸው ተደርድረዋል፣ እርሳሶቹ ሳይቀሩ ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። እትዬ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ በአንድ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር ልትለጥፍ ታነጣጥራለች። አዋሿ በሩ ላይ ቆመች። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ከባሏ ተለያይታ፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ እትዬ ቤት በር ላይ እንዲሁ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ «ለምን» ብላ እንኳ ሳትጠይቃት አልጋ አንጥፋላታለች። እስከ ዛሬም አልጠየቀቻትም። እንዲህ ያለችን እህት በሰው ፊት ማዋረድ እንዴት ይጀመራል?

«በር ላይ መቆም መንገድ ይዘጋል» አለች እትዬ ለመጽሐፉ።

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ያንቺን ወረቀት አምኖ ነው።»

የእትዬ ጣት ቆም አለ። «ጽሑፉ ግልጽ ነው።»

«ላንቺ ነው ግልጽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

እትዬ ቁጥሩን አጣማ ለጠፈችው። ቀና አድርጋ አየችው፣ አልላጠችውም፣ መጽሐፉን እንዳለ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። አዋሿ እህቷ ጠማማ ነገር አይታ ስታልፍ ያን ዕለት ገና ማየቷ ነው። ሌላ ቃል ሳትጨምር ወረደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱ የኮሚቴ አባላት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበቡ፦ ፕሮፌሰሩ፣ ኃላፊው፣ ከሬጅስትራር የመጣች አንዲት ደርባባ ሴትዮ፣ እና ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እትዬ። አዋሿ መጽሐፉን አቅፋ አስገባችና፣ ውጪ የሚላት ስላልነበረ በሩ ጥግ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፕሮፌሰሩ መጽሐፋቸውን ሳቡት፣ ፎቶግራፉን አዩ፣ ገጹን ገለጡ፣ ከዚያ በኋላ ቀና አላሉም። ኃላፊው ክሱን አነበበ። ተራው ሲደርስ ኢንጂነሩ ተነሣ፣ ከረባቱን አጠበቀ፣ ወረቀቱን ዘረጋ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት» አለና የሬጅስትራሯን ሴትዮ በግራ ዓይኑ ጠቀሳት። ሴትዮዋ ዓይኑ ውስጥ ትንኝ የገባ መሰላት። «ሕግ ሁልጊዜ ተከብሯል።» እንደገና ጠቀሳት። ሴትዮዋ ፀጉሯን ነካ ነካ አደረገች። «በቤተ መጻሕፍቱ ላይ ክፉ ሐሳብ አልታሰበም።» አሁን ኃላፊውን ጠቀሰና፣ ፍትሐዊ ለመሆን ይመስላል፣ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ደገማት።

«እንዴ! ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ?» ብላ ብድግ አለች ሴትዮዋ። «እኔ እኮ ባለ ትዳር ነኝ!»

«ጭራሽ ይቀልዱብን ጀመር!» አለ ኃላፊው።

ኢንጂነሩ አመድ መሰለ። መመሪያውን ከኪሱ አወጣ፤ ገጽ ስድስትን ፈልጎ አነበበ። «ማንኛውም ጽሑፍ ያለ ጥቅስ የቀረበ እንደሆነ ተቀባይነት የለውም።» ከዚያ በሚለምን ዓይን ሁሉንም አያቸው። «በየዓረፍተ ነገሩ ተጠቅሷል» አለ። «ካነሰም ይጨመራል።»

አዋሿ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ጠረጴዛው አጠገብ ራሷን አገኘችው። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እኛ መጥቀስ ስንል ሐሳቡን ከማን እንዳገኘኸው ተናገር ማለታችን ነው። እሱ የተማረው የዓይኑን ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ቅጽ ስንል ሁለት ነገር ነው፣ ዝውውር ስንል ሁለት ነገር ነው። እኔ መስኮት አንድ ቀን ብትውሉ በዚህ ሰበብ ሲንገላታ የሚውለውን ሰው ታያላችሁ። ይሄ ሰው ያጠፋው ነገር ቢኖር ያልነውን አንድ በአንድ መፈጸሙ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የኛ ነው።» «የኛ» ስትል እህቷን ላለማየት ጣሪያውን አየች።

የእትዬ ብዕር ቆሟል። መመሪያውን ማን እንደጻፈው የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። እትዬ መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ኢንጂነሩን አየችው።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለች። «‹ተዋሽ› እና ‹አዋሽ› የሚለውንስ ምን ብለው ነው የተረዱት?»

«ባይነገር ይሻላል።»

«ይነገር።»

ኢንጂነሩ መሬት መሬት እያየ፣ «‹ዋሸ› ከሚለው ግስ የወጣ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር» አለ። «ተዋሽ ውሸት የሚነገረው ሰው፣ አዋሽ ደግሞ ውሸቱን የምታደራጀው።» አዋሿን በዓይኑ ይቅርታ ለመናት። «ትልቅ ትምህርት ቤት ለውሸት መስኮት መክፈቱ አስገርሞ ነበር። ግን የሰው አገር ሥርዓት ነው ተብሎ ዝም ተብሏል።»

የእትዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዋሿ ያለቀሰች መስሏት ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ ነው ሳቁን የሰማችው፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ እንደ ማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ በመጨረሻ ገደቡን እንደጣሰ ውሃ። «ውሸቱን የምታደራጀው!» ትላለች፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየመታች፤ እንባዋ ቃለ ጉባኤው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የሬጅስትራሯ ሴትዮ ተከተለቻት፣ ኃላፊውም አፉን በመሐረብ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ኢንጂነሩ ብቻ፣ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ስላላወቀ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ጥያቄ አርባ ሦስት» አሉ ፕሮፌሰሩ በድንገት። አንድም ነገር የሰሙ አይመስሉም፤ አፍንጫቸው መጽሐፉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «የደለሉን። ማን ነው እንዲህ ብሎ የመለሰው?»

«በእኔ ተመልሷል።»

«ተሳስተሃል።»

«አልተሳሳትኩም» አለ ኢንጂነሩ። እዚህ አገር ከገባ እንደ ሰው ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑ ነው። «ሃያ ዓመት ደለል ስጠርግ ኖሬያለሁ። ወንዝ በክረምት መጽሐፉ እንዳለው አያደርግም። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው።»

ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ኢንጂነሩን ትክ ብለው አዩት። «ይሄ መጽሐፍ ከታተመ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው» አሉ። «ከአራሚው ሌላ ያነበበው ሰው መኖሩን አላውቅም። አራሚውንም ቢሆን እጠረጥረዋለሁ።» ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ከገጽ አንድ ጀምረው ምልክት ማድረግ ጀመሩ።

«ኧረ ፕሮፌሰር! የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ነው፣ አይጻፍበትም!»

«ተወኝ ወዲያ፣ ፈተና እያረምኩ ነው።»

ውሳኔው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እገዳ የለም፣ ደብዳቤም የለም። በመጽሐፉ ምትክ ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ሌላ ያመጣሉ፤ አልጋቸው ሥር አርባ ቅጂ ተኝቷል። መመሪያው እንደገና ይጻፋል፤ ኢንጂነሩ ሳያነበውና «ገብቶኛል» ሳይል አንድ መስመር አይታተምም። የመጨረሻውን ነጥብ እትዬ ማንንም ሳታማክር ራሷ አከለችበት፤ «ጽሑፉን የሚያዘጋጁት እኔና እህቴ ነን።»

ከሥራ ሲወጡ ሽማግሌውና ኢንጂነሩ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፉን መሐላቸው ዘርግተው፣ ስለ ደለል ዱላ ቀረሽ ክርክር ይዘዋል። እህትማማቾቹ አጠገባቸው ሲያልፉ ቀና ያለ አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ መመሪያውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ትሰርዛለች፤ አንዱን ቃል ስትሰርዝ ታዝናለች፣ ሌላውን ስትሰርዝ ትቆጣለች። ሁለት ፌርማታ ያህል ከሄዱ በኋላ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ስሚ» አለች ዙሪያዋን ገላመጥ አድርጋ። «እኔም ሥራ የገባሁ ዕለት አንዱ በር ላይ ‹የጸጥታ ክፍል› የሚል አየሁ። ዝም ተብሎ የሚነበብበት መሆኑን ማን ነግሮኝ? የፖሊስ መስሎኝ መታወቂያዬን ይዤ ገባሁ። ክፍል ሙሉ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። መታወቂያዬን ፊት ለተቀመጠው ሰውዬ ሰጠሁት።»

«እሱስ?»

«ፈራኝ መሰለኝ። የሱን አውጥቶ ሰጠኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተለዋውጠን ተቀመጥን። እስከ ምሳ።» እትዬ ጣቷን አነሣች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከሳቅሽ እዚሁ ነው የምወርደው።»

አዋሿ ከንፈሯን ነከሰች። ትንፋሿን ያዘች። ወደ መስኮቱ ዞራ የሱቆቹን ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። አንድ ፌርማታ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ቻለች።